ለአንድ ሰው ሁለት ቶን ተኩል ብረት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፤ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዳችን ወዳጆች። በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች የተማከሩ ይመስላሉ። ፍሬን ጮኸብኝ፣ ፍሪሲዮን አለቀብኝ የሚለው ቀንሶ አብዛኛው ሰው የጠየቀኝ ስለ ትልልቅ የሰው መኪናዎችና ስለሚያደርሱት ጉዳት ነው። በጣም ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን ናፍጣ ሞተር ላይ አጎንብሼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ነገር የት እንደሚሄድ፣ ማን ሳንባ ውስጥ እንደሚገባ ሳስብ ነው የምውለው። ስለዚህ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው። የበግና የእህል ነጋዴ ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሥራው ደህና ነው። አሁን መኪና ልገዛ ነው፤ ዓይኔ ያረፈው ቪ8 ላይ ነው። መንገዳችንን ያውቁታል፣ አቧራና ጭቃ ነው። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ግን ‹አባዬ፣ ይሄ መኪና አካባቢ ይበክላል፣ ተው› ብላ ያዘችኝ። እኔም ‹እኛ አገር ስንት መኪና አለና ነው? አየሩን ያበላሹት ፈረንጆቹ ናቸው› አልኳት። ልንግባባ አልቻልንም። እስቲ እርስዎ ዳኙን። አንድ የመንዝ አባት።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅዎ ልክ ናት። እርስዎ ያሉትም ውስጥ እውነት አለና ከእሱ ልጀምር።

አገራችን ወደ አየር የምትለቀው በካይ ጋዝ ከዓለም ጠቅላላ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ዝናቡ ሲዛባና ድርቅ ሲመጣ ግን ቀድሞ የሚመታው የእኛ ገበሬ ነው። ይሄ ግፍ ነው፤ እኔንም ያንገበግበኛል።

ነገር ግን እነዚያ «አበላሹት» የሚሏቸው አገሮች ዛሬ በምን እያበላሹ እንደሆነ ይመልከቱ። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ ከተሸጡት የቤት መኪኖች 48 በመቶዎቹ ኤስዩቪ የሚባሉት ከፍ ያሉና ከባድ መኪኖች ናቸው። በዚያው ዓመት በዓለም ያሉ ኤስዩቪዎች በሙሉ የለቀቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው። አንድ ላይ እንደ አገር ቢቆጠሩ ከዓለም አምስተኛ በካይ ይሆኑ ነበር። ሞተር እየተሻሻለ፣ ነዳጅ እየቆጠበ መጥቷል። መኪናው ግን ስለገዘፈ ከተቆጠበው ብዙ ድርሻው መልሶ ተበላ። እነሱ የተሳሳቱበትን ነገር እኛ በዚህ ዋጋ ገዝተን ለምን እንደግመዋለን? ልጅዎ የምትለው ይሄንን ይመስለኛል።

አሁን ወደ ራሳችን መንገድ እንምጣ። ቪ8 ላንድክሩዘር ባዶውን ከ2 ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። ቪትዝ 1 ቶን ገደማ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 260። ትልቁ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ናፍጣ ይወስዳል እንበል። ለደርሶ መልሱ 39 ሊትር ይሆናል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ 105 ኪሎ ያህል አየር ላይ ትተው መጡ ማለት ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ቤንዚን የምትወስድ ትንሽ መኪና ለዚያው መንገድ 16 ሊትር ገደማ ይበቃታል። የአንድ ሊትር ቤንዚን 2.3 ኪሎ ነውና እሷ የምትተወው 36 ኪሎ አካባቢ ነው። ሰውዬው ያው፣ ጉዳዩም ያው። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።

አንድ ሊትር ናፍጣ 1 ኪሎ እንኳ አይመዝንም፤ እንዴት 2.7 ኪሎ ጋዝ ይወጣዋል የሚል ሰው ብዙ ገጥሞኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ናፍጣው ውስጥ ያለው ካርቦን ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን እየሳበ አብሮት ይያያዛል። ክብደቱን የጨመረው ከአየር የተወሰደው ኦክስጅን ነው። የሚያስተውለው የለም እንጂ መኪና ከነዳጁ ይልቅ ብዙ እጥፍ የሚበላው አየር ነው።

ክብደት በሜዳ ላይ ያን ያህል አይታወቅም። ዳገት ላይ ግን ይጋለጣል፤ የእኛ አገር ደግሞ ዳገት ነው። ለንግድ ሸዋ ሮቢት ይወርዳሉ ብዬ ልገምት። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንገዱ የሚያልፍበት የተራራው አናት ጣርማ በር 3,200 ገደማ። ሲመለሱ መኪናው ራሱን ወደ 1,900 ሜትር ሽቅብ መሸከም አለበት። መንገዱን መግፋቱን ተውትና ያንን ብረት ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ ቪ8 ወደ 4 ሊትር የሚጠጋ ናፍጣ ያቃጥላል። 1 ቶን የምትመዝነው መኪና 1 ሊትር ተኩል ገደማ ይበቃታል። ሲወርዱ ደግሞ ያ ሁሉ ጉልበት ፍሬን ላይ ይጠፋል። ደብረ ሲና ስትደርሱ አፍንጫችሁን የሚመታው የተቃጠለ ሽታ እሱ ነው። ከፍሬን ሸራውና ከጎማው የተፋቀው ብናኝ መንገድ ዳር ይቀራል። ዝናብ ሲመጣ ወደ ወንዝ ይወርዳል። መኪናው በከበደ ቁጥር ብናኙም ይበዛል።

ዘይቱም አለ። ትልቁ የናፍጣ ቪ8 ዘይት ሲቀየርለት 9 ሊትር ያህል ይጠጣል። ትንሿ መኪና 3 ሊትር ተኩል አይሞላትም። የወጣው ጥቁር ዘይት የት ይሄዳል? አንዳንድ ጋራዥ በበርሜል ያጠራቅማል። አንዳንዱ ግን ቦይ ውስጥ ይደፋዋል። ከጋራዥ ሰፈር የሚወርደውን ቦይ ተከትላችሁ ወደ በሬሳ ወንዝ ሂዱና ውኃው ላይ የተንሳፈፈውን የዘይት ቆዳ እዩት። ከሱ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣል፣ ልብስ ይታጠባል። ይሄን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል። ምንም ዓይነት መኪና ይግዙ፣ ዘይት ሲያስቀይሩ «የወጣውን የት ታደርጉታላችሁ?» ብለው ይጠይቁልኝ። መልሱ ካላማረዎት ሌላ ጋራዥ ይሂዱ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ምን ይጭናሉ? በጉና እህሉ በአይሱዙ ነው የሚሄደው። ቪ8ቱ ላይ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት፤ ሲበዛ አንድ ሰው ያስከትላሉ። አንድ በግ ለመሸጥ ሙሉ አይሱዙ እንደ መከራየት ነው። እርስዎ ነጋዴ ነዎት፤ እንዲህ ያለ ሒሳብ ሥራዎ ላይ አይቀበሉም።

የመንዝ መንገድ ከፍ ያለ መኪና እንደሚፈልግ አልክድም። ክረምት ላይ ጭቃውን አውቀዋለሁ። መንገዱ የሚፈልገው ግን ከመሬት ከፍ ያለ ሆድ፣ ደህና ጎማና የአራት ጎማ ጉልበት ነው። ስምንት ፒስተን አይደለም። 1 ቶን ተኩል የማይሞሉ ወይም እዚያው አካባቢ የሆኑ፣ አራቱም ጎማቸው የሚጎትት ትንንሽ መኪኖች ገበያ ላይ አሉ። ራቭ4ን የመሰሉትን ማለቴ ነው። መለዋወጫቸውም አይቸግርም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ የሚገዙት አገር ውስጥ ያለውን ነው። ዋጋው እሳት ነው። ነዳጅም እንደ ድሮው ርካሽ አይደለም። ቪ8 በየማደያው ምን እንደሚያስወጣዎ ራስዎ ያስሉት።

ደግሞ ትልቅ መኪና ሁሉ ጥፋት ነው አላልኩም። ሃርድቶፑ አሥር ሰው ይዞ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ሲወጣ፣ ምጥ የያዛትን እናት ከቆላ ሲያወጣ ባየሁ ጊዜ እመርቀዋለሁ። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ብረት ሥራ ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከገበያ እስከ ቤት፣ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ይዞ የሚመላለሰው ነው። «ነጋዴ ቪ8 ካልያዘ አይታመንም» የሚል ወሬ በየገበያው እንደሚነዛም እሰማለሁ። ያሳዝነኛል። በግዎን የሚገዛ ሰው ያውቅዎታል። ለልጅዎ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ደብረ ሲና ከተማ መውጫው ላይ፣ ዳገቱ ሥር ሻይ ቡና እሸጣለሁ። ቀኑን ሙሉ አውቶቡሱ፣ ቅጥቅጡ፣ ተሳቢው እያጓራ ይወጣል። የሰቀልኩት ነጠላ ማታ ሳወርደው ጥቁር ነው። ትንሹ ልጄ ሳል አልለቀው ብሏል። እኔ እንደሚመስለኝ ትልልቆቹ አውቶቡሶች ቢቀሩና ሰው በትንንሽ መኪና ቢሄድ ይሻላል። አይሻልም? እህትዎ።»

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ሳሉ ከሰነበተ ጭሱን ብቻ ጠርጥረሽ አትቀመጪ፤ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

ጭሱ የልብስ ነገር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስ ካንሰር ያመጣል ብሎ በይፋ መድቦታል። ነጠላሽ ላይ የምታይው ጥቀርሻ ትልቁ ነው። ዓይን የማያየው ደቂቁ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ከዚያም አልፎ ደም ውስጥ ይደርሳል።

አውቶቡሱ ይቅር በሚለው ግን አልስማማሽም። ምክንያቴን ላሳይሽ። 50 ሰው የያዘ አውቶቡስ በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ናፍጣ ይወስዳል እንበል። ቅድም የጠቀስኩትን 260 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 210 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ለ50 ሲካፈል ለአንድ ሰው 4 ኪሎ ገደማ ነው። 12 ሰው የያዘ ሚኒባስም ቢሆን ለአንድ ሰው 6 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ቪ8 ውስጥ ብቻውን የተቀመጠው ሰውዬ 105 ኪሎ ነበር፤ የ25 የአውቶቡስ ተሳፋሪዎችን ያህል መሆኑ ነው። እነዚያ 50 ሰዎች በየግላቸው መኪና ቢወጡ ደጃፍሽ ላይ የሚያልፈው ሰልፍ ማለቂያ አይኖረውም ነበር። አውቶቡስ የድሃ መኪና ብቻ ተደርጎ መታየቱ በጣም ይቆጨኛል። አካባቢን በመጠበቅ እሱን የሚስተካከለው በነዳጅ የሚሄድ መኪና መንገዳችን ላይ የለም። አስፋልቱን በመጉዳት ግን አውቶቡስና ከባድ ጭነት ከሁሉም ይብሳሉ። በአንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ይሄም እውነት ስለሆነ መደበቅ አልፈልግም።

አንቺ የምታይው ጥቁር ጭስ ከመኪናው ትልቅነት ይልቅ ከአያያዙ ነው የሚመጣው። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው በዝቷል፣ አየሩ አንሷል ማለት ነው። ጣርማ በር አጠገብ አየሩ በጣም ሳስቷል፤ ባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው አሮጌ ሞተር ያንኑ ያህል ናፍጣ እየተረጨለት በቂ አየር አያገኝም። ስለዚህ ግማሽ ጥሬውን ጥቀርሻ አድርጎ ይተፋዋል። የከፋው ደግሞ ሌላ ነው። አንዳንድ ሹፌር ዳገት ላይ ጉልበት አነሰኝ ብሎ ለሞተሩ ናፍጣ የሚመጥነውን የፖምፓውን ቡሎን ያስፈታና ናፍጣ ያስጨምራል። ያኔ መኪናው ጥቂት ጉልበት ያገኛል። ከተቃጠለው ሌላ የተረፈው ናፍጣ ሁሉ ግን አንቺ ጀበና ላይ ይዘንባል። እኔ ጋ ይሄን አድርግልኝ ብሎ የመጣን ሰው አልሠራለትም። የአየር ፊልትሮውን አውጥቼ አሳየዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የመንዝ አቧራ ጠጥቶ ደርቋል። ፊልትሮው ተቀይሮ፣ ናፍጣውን የሚረጨው ኖዝል በማሽን ተለክቶ፣ ፖምፓው ወደ ልኩ ሲመለስ ጉልበቱም ይመጣል፣ ጭሱም ይሳሳል። ለባለ ንብረቶች የምለው ይሄ ነው፦ ጥቁር ጭስ የከፈላችሁበት ናፍጣ ነው። ለቦሎ ሰሞን ብቻ አስተካክላችሁ መልሳችሁ አታስፈቱት። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ሞተሩ ሞቆም ነጭ ጭስ ካላቆመ ውኃ እየገባ ሊሆን ይችላልና የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አሳዩት።

ላንቺ ደግሞ አሁኑኑ የሚረዳሽ ነገር ርቀት ነው። የመንገድ ጭስ ከጠርዙ በራቅሽ መጠን ቶሎ ይቀንሳል። ከቻልሽ ጎጆሽን ከመንገዱ ጥቂት አሥር ሜትሮች ወደ ውስጥ አግቢው፤ ነፋሱ ከአንቺ ወደ መንገዱ በሚነፍስበት ወገን ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው። ከዳገቱ መጀመሪያ ይልቅ መኪና ጋዝ የማይረግጥበት ሜዳ ቦታ ይሻላል። ካልተቻለ ልጁ እንኳ ቀን ቀን እዚያ አይዋል። በጣርማ በር ዋሻ የምትሄዱ ሁሉም አስቡበት። ጣልያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ያ ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጭስ ገብቶ ቶሎ አይወጣም። መስኮት ዝጉ። ውስጥ ከቆማችሁ ሞተር አጥፉ።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሹፌር ነኝ። እንግዶች ይዤ ጓሳ እወጣለሁ። ቀይ ቀበሮ ከሩቅ ሲያዩ ‹ከመንገድ ውጣና አስጠጋን› ይሉኛል። መኪናዬ ፎር ዊል ስለሆነ ይወጣል። ሣሩም መልሶ ይበቅላል። ችግር አለው እንዴ?»

መልስ፦ አዎ ወንድሜ፣ ትልቅ ችግር አለው። እባክህ አታድርገው።

ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ደጋ ነው። በዚያ ብርድ ሣር ቶሎ አያድግም። አፈሩ ለስላሳና እርጥብ ስለሆነ ከ2 ቶን በላይ የሆነ መኪና አንዴ ሲያልፍበት ይጠጥራል፤ ውኃ አያሰርግም። በጎማህ ቦይ ላይ የክረምቱ ጎርፍ ይወርዳል፤ ቦዩም እየሰፋ ይሄዳል። በሚቀጥለው ጊዜ የሚመጣው ሹፌር ያንተን ዱካ አይቶ መንገድ ነው ብሎ ይከተልሃል። የመንዝ አባቶች ይሄን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሥርዓት እየዘጉና እየከፈቱ ጠብቀው ለእኛ አደረሱት። ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲያጭዱት እንኳ ወቅቱን ጠብቀው ነው።

ቀበሮው ራሱ የሚኖረው በምን ይመስልሃል? በአይጥ ነው። አይጦቹ ደግሞ ከሥርህ ባለው አፈር ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው ነው የሚኖሩት። ቀበሮውን ለማሳየት ስትጠጋ ምግቡን ከነቤቱ እያፈረስክ ነው። በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም፤ ያለውም እኛ አገር ብቻ ነው።

እንግዶችህን መንገድ ዳር አቁም። ሞተሩን አጥፋ። ጅባራው አጠገብ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ካለህ ስጣቸው። ሞተር ካልሰማ ቀበሮው አደኑን ይቀጥላል። እነሱም ከመኪና መስኮት የማያዩትን ያያሉ። የአካባቢው ማኅበረሰብ ጠባቂዎች አሉ፤ በእግር ይዘዋችሁ ይሄዳሉ። ለእነሱ የምትከፍሉት ገንዘብ እዚያው መንዝ ይቀራል።

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ነኝ። ጠዋት ብርዱ ከባድ ስለሆነ ትልቁን መኪናችንን ግማሽ ሰዓት ሳሞቅ ጎረቤት ተቆጣኝ። ሞተሩ እንዳይጎዳ ነው የማደርገው።»

መልስ፦ ጎረቤትዎ ትክክል ናቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ቢጥልም ግማሽ ሰዓት ማንንም አይጠቅምም። ዘይቱ ወደ ላይኛው የሞተሩ ክፍል እስኪወጣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ጋዝ ሳይረግጡ ቀስ ብለው ይውጡ፤ ሞተር በሥራ ላይ ነው በደንብ የሚሞቀው። ቆሞ ሲሠራ ቀዝቃዛው ሞተር ናፍጣውን በደንብ አያቃጥለውም። ያልተቃጠለው ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ፒስተኑን ያጠቁራል። ትልቅ ሞተር ቆሞ ሲያጓራ በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ይጨርሳል። ይሄ ለመናኸሪያ ሹፌሮችም ነው። ተሳፋሪ እስኪሞላ ሞተር አስነስታችሁ አትቁሙ፤ ረዳቱም ሎሚ ሻጯም እዚያው ነው የሚተነፍሱት።

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ከባለቤቴ ጋር ተበድረን የኤሌክትሪክ መኪና ልንገዛ ነው። ጭስ የለውም፤ ስለዚህ ትልቁን ኤስዩቪ ብንወስድ ለአካባቢው ምንም ለውጥ የለውም አይደል? ወልደን ሁለት ልጆች አሉን። ኮምቦልቻ ቤተሰብ ስላለን በጣርማ በር እንመላለሳለን።»

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ። ኤሌክትሪክ መምረጣችሁ ትልቅ ነገር ነው። አንዳንድ አገር ኤሌክትሪኩ በብዛት ከድንጋይ ከሰል ስለሚመጣ ጭሱ ከከተማ ወደ ኃይል ማመንጫው ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። የእኛ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውኃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ደብረ ሲና ሻይ የምትሸጠው እህታችን የእናንተ መኪና ሲያልፍ ጭስ አትተነፍስም። ይሄን ሳስብ ልቤ ይሞቃል።

ትልቅነቱ ግን ለውጥ አለው። መጀመሪያ ባትሪው። ትልቅ መኪና ትልቅ ባትሪ ይፈልጋል፤ ለሊቲየሙና ለሌላው ማዕድን ደግሞ አንድ ቦታ ተራራ ይቆፈራል፣ ፋብሪካው ብዙ ጉልበት ይፈጃል። ኤሌክትሪክ መኪና መንገድ ላይ ሳይወጣ ከሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ድርሻ ያለው እዚያ ነው። ቀጥሎ ጎማ። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ኤስዩቪ 2 ቶን ማለፉ የተለመደ ነው። የጎማ ብናኝ ከጭስ ማውጫ ጋር አይቀርም። ፍሬኑ ግን ይተርፋል። ቁልቁለት ላይ እግራችሁን ከጋዝ ስታነሱ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ስለሚሞላ የፍሬን ሸራ ብዙ አይፋቅም።

ጣርማ በርን በተመለከተ ከሸዋ ሮቢት ሽቅብ ሲወጣ 2 ቶን የሆነ መኪና ክብደቱን ለማንሳት ብቻ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። 1 ቶን ተኩል ከሆነ 8 አይሞላም። መንገዱን መግፊያው በዚህ ላይ ይጨመራል። ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ የተወሰነው ይመለስላችኋል። ሙሉው ግን አይመለስም። ከቁልቁለት አፋፍ አጠገብ ጫፉ ድረስ ቻርጅ አድርጋችሁ ከወጣችሁ ግን ባትሪው ሙሉ ስለሆነ መቀበል ያቅተዋል፤ ፍሬን ለመርገጥ ትገደዳላችሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ቻርጅ ካደረጋችሁ ጥቂት አጉድላችሁ ውጡ። የጠዋት ብርድም ባትሪው የሚወስዳችሁን ርቀት ይቀንሰዋል። ማሞቂያ ሲጨመርበት ይብሳል። ሻጩ የሚነግራችሁ ርቀት የሜዳና የሞቃት አገር ነው፤ ለእኛ መንገድ ከዚያ ቀንሳችሁ አስሉ።

አራት ሰው ናችሁ። አራት ሰውና ሻንጣ የሚይዝ መካከለኛ አውቶሞቢል ይበቃችኋል። ዋጋውም ስለሚቀንስ ብድሩ ይቀልላችኋል። ከመፈረማችሁ በፊት አራታችሁም ገብታችሁ ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ዳገት ላይ ሞክሩት። ባትሪው ስንት ዓመት ዋስትና እንዳለው በጽሑፍ ተቀበሉ። ኮምቦልቻ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ መንገድ ላይ የትኛው ቻርጅ ማድረጊያ እንደሚሠራ ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ።